ቤት ፍለጋ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ደላላ ይያዝ ወይስ ይቅር?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት «አለ» የተባለው ቤት ከሰዓት ተይዟል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው አንዱ ጋ እየሠራ ሌላው ጋ ያድራል። ስለዚህ የአንዱ ከተማ የቤት እጥረት ለሌላውም ይተርፋል። ታዲያ ጥሩ ደላላ ፈልጎ መያዝ ያዋጣል? ወይስ ደላላን ትቶ በሰው በሰው ማፈላለግ ይሻላል? በዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንዷ ኮምቦልቻ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ሌላው ደሴ ተወልደው፣ ደሴ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልጀምር። «ሦስት ሰው ከጠየቅሽ ቤት ታገኛለሽ» ይላሉ። ለእርስዎ እውነት ነው። እኔ ግን ኮምቦልቻ ስገባ የማውቀው አንድ ሰው አልነበረኝም። ከደብረ ታቦር በሥራ ዝውውር ነው የመጣሁት። ሁለት ሳምንት አልጋ ቤት አደርኩ። የሥራ ባልደረቦቼን ስጠይቅ ግማሾቹ ራሳቸው ቤት ፈላጊ ናቸው።

ኮምቦልቻን ያስቧት እስቲ። ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨመረ። ይህ ሁሉ ሰው ይጠራል። የሚመጣው ሰው ግን ዘመድ ይዞ አይመጣም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ደላላ ማለት የከተማው በር ነው።

ጥሩውን እንዴት አገኘሁት? ለሦስት ደላሎች አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። «የዚህ ቤት ችግሩ ምንድን ነው?» የመጀመሪያው «ምንም የለበትም፣ ቶሎ ቀብድ ካልሰጠሽ ያመልጥሻል» አለኝ። ሁለተኛው ሳቀና ወደ ሌላ ቤት ወሰደኝ። ሦስተኛው ትንሽ አሰበና «ካርታው ገና በሟች አባት ስም ነው፣ ወራሾቹ አራት ናቸው፣ አንዷ አልተስማማችም፤ ባትነኪው ይሻላል» አለኝ። ያን ቀን ኮሚሽን አጣ። እኔ ግን ከእሱ ጋር ቀረሁ። ዛሬ የምኖርበትን ቤት ያገኘልኝ እሱ ነው።

ከደሴ

ልጄ፣ ባይተዋርነትሽ ልቤን ነክቶታል። እኔ ግን ደላላን የምሸሸው በወሬ አይደለም። ደርሶብኝ ነው።

እህቴ ስታርፍ ቤቷን ለመሸጥ ወራሾቹ ተስማማን። ደላላው መጣና «ገዥው ከዚህ በላይ አይወጣም» አለን። ለገዥው ደግሞ «ሻጮቹ ከዚህ በታች አይወርዱም» ብሎታል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አልነበሩም። ከገዥው ጋር ፊት ለፊት የተያየነው ውል ልንፈርም ስንቀርብ ነው። ገንዘቡ በደላላው እጅ ነበር የሚያልፈው። ገዥው ውሉ ላይ ያነሰ ቁጥር ሲያይ «ለግብር ነው» ተብሎ ዝም አለ። እኛም የተነገረንን ያህል ስላየን ፈረምን። ልዩነቱን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው፣ ለቅሶ ቤት ከገዥው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናወራ። በዚያ ላይ ደላላው ከሁለታችንም ከመቶ ሁለት ወስዷል።

ይህን ለገንዘቡ ብቻ ብዬ አልነግርሽም። የሟች ቤት ነበር። ወንድምና እህት እርስ በርስ ተጠራጠርን። አንዱ ሌላውን «አንተ ታውቅ ነበር» አለው። ያ ቁስል እስካሁን አልሻረም።

ሌላም አለ። ደሴን ቆመሽ እያት። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተዘረጋች ከተማ ናት። ቤቱ የተሠራው ዳገት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ መሬቱ የሚንሸራተትበት ቦታ አለ። ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ የድጋፍ ግንብ ሆዱን ይነፋል፣ ወለል ስር ምንጭ ይፈልቃል። በበጋ የሚሸጥ ቤት ግን ያምራል! ስንጥቁ በሲሚንቶ ይመረጋል፣ ቀለም ይቀባል። ደላላው ያንን ይነግርሻል? የሚነግርሽ ጎረቤት ነው። «ባለፈው ነሐሴ ያ ግንብ ወርዶ ነበር» የምትልሽ ከላይ በኩል ያለችው እናት ናት። እሷ ኮሚሽን የላትም።

እኛ ወሎ ውስጥ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ አለን። መስጊድ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የቡና ጉርብትና አለ። የሚሸጥ ቤት ደላላ ጆሮ ከመድረሱ በፊት ቅሬ ውስጥ ይሰማል።

ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ የእህትዎ ነገር በጣም አሳዘነኝ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያ ሰው ሊያታልላችሁ የቻለው ሻጭና ገዥ ሳትነጋገሩ ስለቀራችሁ ነው። እኔ ለደላላዬ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ደንብ ይሄ ነበር። ዋጋው የሚነገረው ሦስታችንም ባለንበት ነው፤ ገንዘቡም ከእኔ ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ በባንክ ይሄዳል። ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚቀያየር ደላላ ካለ እዚያው ተሰናብቼው እሄዳለሁ።

ስለ ቅሬ ያሉት ደግሞ እውነት ነው። ግን ቅሬ ለመግባት መጀመሪያ ሰፈሩ ውስጥ ቤት ያስፈልጋል። እኔ ያኔ ቤት አልነበረኝም፤ ቅሬ ማን ያስገባኝ ነበር?

«ለግብር ነው» የምትለዋን ቃል ግን አጥብቄ ልይዛት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የተጎዳው በእሷ ነው። ውሉ ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ ከተጻፈ፣ ነገ ሽያጩ ቢፈርስ በእጅዎ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። የቀረው ገንዘብ በምስክር የሚለፋበት ይሆናል። ምስክሮቹም አብዛኛውን ጊዜ የደላላው ጓደኞች ናቸው። ጥሩ ደላላ «ትክክለኛውን እንጻፍ» ይላል። የእኔው ብሏል። የቴምብር ቀረጡ ከመቶ ሁለት ነው፣ ሻጩ ደግሞ ካገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ሊኖርበት ይችላል። ማን ምን እንደሚከፍል ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ተነጋግረን ጨረስን።

ቀብድም የራሱ ሕግ አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ካፈረሰ አጠፌታውን ይመልሳል። ይህን የማይነግርዎ ደላላ ቀብዱን የሚያስቸኩልዎ ለራሱ ነው።

ወሎ ውስጥ ደግሞ የውክልና ነገር አለ። እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ስንት ልጅ ነው ሳዑዲ ሠርታ እዚህ ቤት ያሠራች! ቤቱን የሚሸጠው ወንድሟ ወይም አጎቷ በውክልና ነው። ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ መጥቀስ አለበት። «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» የሚል ወረቀት ቤት አያሸጥም። ተሽሮም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ይጣራል። እኔ ጋ አንድ እንዲህ ዓይነት ቤት መጥቶ ነበር። ደላላዬ ልጅቷን ራሷን በስልክ አገናኘኝ። በቪዲዮ አየኋት። «ወንድሜ እንደሚሸጠው አላውቅም» አለች። እዚያው ቆመ።

ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም ይፈርማሉ። ካርታው ማዘጋጃ ቤት ከሚገኘው ፋይል ጋር ይመሳከራል፣ ዕዳና እገዳ ይጣራል። ባንክ ይዞት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ይህን ለማጣራት መታወቂያውን ይዞ አብሮኝ የተሰለፈው ደላላው ነው።

ከደሴ

ይኸውልሽ ልጄ፣ ራስሽ መለስሽው። ካርታውን የምታጣሪው አንቺ፣ ውክልናውን የምታጣሪው አንቺ፣ ዋጋውን ከሻጩ ጋር የምትነጋገሪው አንቺ ከሆንሽ፣ ለደላላው የምትከፍይው ለምን ሥራው ነው? ያንን ገንዘብ ለጠበቃና ለመሐንዲስ ስጪው። ጠበቃው ውሉን ያይልሻል። መሐንዲሱ ግንቡን አይቶ «ይህ ክረምት አያልፍም» ይልሻል።

ደግሞ አስቢው። ደላላ የሚበላው ከመቶ ነው። ዋጋው በወጣ ቁጥር የእሱም ድርሻ ይወጣል። ታዲያ ለገዥ ብሎ ዋጋ የሚያስቀንስበት ምን ምክንያት አለው? ልቡ ጥሩ ቢሆን እንኳ ሆዱ ከሻጩ ጋር ነው።

የኪራዩን ነገር ደግሞ ሰው ዝም ስለሚለው እኔ ልናገረው። ልጄ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተከራይታ ትኖር ነበር። አከራይዋ ደግ ሴት ነበረች። አንድ ደላላ ቡና ሲጠጣ «ይህን ቤት በእጥፍ የሚይዝልሽ አለኝ፣ የስድስት ወር በቅድሚያ ይከፍላል» አላት። በወሩ ልጄ ዕቃዋን ጫነች። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ተፈናቅሎ ከየገጠሩ ደሴ የገባ ሰው ብዙ ነው። እሱም ቤት ይፈልጋል። ችግሩ የደላላ ገበያ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ያ ደላላ ይህን ለአከራይዋ ነገራት? አልነገራትም። ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር እሱ እንደ አዲስ ይበላል።

በዚህ ላይ እልኸኛ መሆኔን አልክድም። ልጄ በዚያ ዝናብ ፍራሽ ስትጭን ቆሜ አይቻለሁ።

ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ያንን ደላላ አልከላከልለትም። የልጅዎን ያህል እኔም ተናድጃለሁ።

የከመቶው ነገር ግን መፍትሔ አለው። እኔ ከደላላዬ ጋር ቁርጥ ገንዘብ ተነጋገርኩ። ቤቱ ቢወደድም ቢረክስም ያው ነው። በወረቀት ጻፍነው። ግማሹን ውሉ ሲፈረም፣ ግማሹን ስሙ ወደ እኔ ሲዛወር ከፈልኩ። ካርታው በስሜ እስኪወጣ ድረስ ከእኔ እኩል ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰ። «በዚህ ገበያ ማን እሺ ይላል?» ይሉኝ ይሆናል። ሁለቱ እምቢ አሉ፣ አንዱ እሺ አለ። የሚያስፈልገኝም አንድ ነው።

ለምን እከፍላለሁ ላሉት ደግሞ እነሆ። ጠበቃ ያገኘሁትን ቤት ያይልኛል። ቤት አያገኝልኝም። በር ላይ «ይሸጣል» ብሎ የሚለጥፍ እዚህ ጥቂት ነው። ሻጭ ቤቱን መሸጡ እንዲወራ አይፈልግም። ዕዳ ይኖርበታል፣ ፍቺ ይኖራል፣ ወይ ልጁን ውጭ ሊልክ ነው። ለደላላው በጆሮው ይነግረዋል። ያቺን ወሬ ነው የምገዛው። የቀረውን ራሴ አጣራለሁ፣ ሳጣራም አይከልክለኝ። ጥሩ ደላላ ስል ይህንን ማለቴ ነው። ንግድ ፈቃድ ያለው፣ በፊት ቤት ያገዛቸውን ሰዎች ስልክ የሚሰጠኝ፣ ሰዎቹንም ደውዬ ስጠይቅ የማይከፋው።

ስለ መሬቱ ግን ተሸንፌያለሁ። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። እኛ የምንፈራው ቦርከና ሲሞላ ዝቅ ያለውን ሰፈር ነው። አሁን ደግሞ ወንድሜ በመስከረም ደሴ ካምፓስ ይገባል። አንድ ክፍል ቤት እየፈለግኩለት ነው። ደላላዬ የደሴ ጓደኛውን አገናኝቶኛል። ቤቱን ግን እርስዎ እንዳሉት ዝናብ ሳያቆም ሄጄ አየዋለሁ። ከላይ በኩል ያለችውንም ጎረቤት አንኳኩቼ እጠይቃለሁ።

ከደሴ

ቅሬ ለመግባት ቤት ያስፈልጋል ያልሽው አንድ ሌሊት አሳስቦኛል። እውነትሽን ነው። እኛ ተወላጆቹ በሩን ከውስጥ ይዘን «ለምን በመስኮት ትገባላችሁ?» ማለታችን ልክ አይደለም። ለእንግዳ ሰው ደላላ አያስፈልግም ብዬ ከእንግዲህ አልከራከርም።

ከመቶ ለሚበላው፣ ሻጭና ገዥ ለማያገናኘው፣ ተከራይ ለሚያስወጣው ግን አንዲት ቃል አልመልስም። እዚያ ላይ እንደ ቆምኩ ነኝ።

ለወንድምሽ ደግሞ ሆጤ እኛ ጎረቤት አንድ ክፍል በነሐሴ መጨረሻ ይለቀቃል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ከበስተጀርባ ያለው ግንብ አምና ታድሷል። አከራይዋ ባለቤቷ የሞተባት እናት ናት፣ የሁለት ዓመት ውል ትፈርማለች። ደላላሽን ከፈለግሽ ይዘሽው ነይ። ዋጋውን ግን ከእሷ ጋር አንቺው ትነጋገሪያለሽ፣ እኔም እቀመጣለሁ።