ውዳሴ ለመድረክ ጄኔራሎቻችን

ሐዋሳ እየኖራችሁ ዲሽ የምትተክሉ ሰዎች፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚተርፋችሁ አላውቅም። የዓለም የጦርነት ዜና እኮ በሞንታርቦ በነጻ እየመጣልን ነው። ባለፈው ሐሙስ ከአሞራ ገደል ያመጣሁትን አሳ በረንዳዬ ላይ ልበላ ስቀመጥ፣ ከወዲያኛው አዳራሽ «ሃሌሉያ! ሚሳኤሉ 2000 ኪሎ ሜትር ይወነጨፋል!» የሚል ድምፅ ሰፈሩን አናወጠው። ለጥቂት ነው አጥንት ያልዋጥኩት።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰፈራችሁ ሌላ ቢሆን እንኳን ነገሩ ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ተስፋ አድርጋችሁ፣ ጀነሬተር ሲነሳ ተስፋ ቆርጣችኋል። ግን በመናደድ ምን ይገኛል? እስቲ ጦርነት የሚተነትኑልንን ሰባኪዎቻችንን አንድ ቀን እንኳን እናመስግናቸው።

መቼም ጊዜ መቆጠብ እንደነሱ ያወቀበት የለም። ድሮ አንድ ሰው ሊቅ ለመባል ከዜማ ቤት ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት መጽሐፍ ቤት ሲንከራተት፣ ቁራሽ ሲለምን፣ ከሰው ውሻ ጋር ሲታገል ዕድሜው ያልቃል። ዛሬ ሌሊቱን ዩቲዩብ ሲያይ ያደረ ሰው ጠዋት ስለ አየር መከላከያ ይተነትናል። ስንት ቆሎ እንደተረፈ አስቡት።

ከሁሉም አስበልጬ የማደንቃቸው አንድ ሰባኪ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ደግሞም አንድ ሰው አይደሉም፣ በየሰፈሩ አሉ። በሰኔ 2017 እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀን ሲደባደቡ እኚህ ሰው ዓይናቸውን አልከደኑም። ፕሮጀክተር ተከራዩ። ካርታ ዘረጉ። የመጥረጊያ እንጨት ያዙ። ምንባቡ ጎግ የሚባል ጠላት ከነሠራዊቱ በእስራኤል ላይ ሲዘምት የሚተነብየው ሕዝቅኤል 38 ነበር። ሌላ ምዕራፍማ ድሮም አይመቻቸውም።

«ጎግ ማነው?» አሉ። ሕዝቡ ዝም። «ሩሲያ!» ሕዝቡ «አሜን!» ሞሳሕ ሞስኮ ሆነ። ፈረሶቹ ታንክ ሆኑ። ምድርን እንደ ደመና የሚሸፍነው ሠራዊት ድሮን ሆነ፣ ያውም የኢራኑ ሻሂድ። ነቢዩ የሞዴሉን ቁጥር ሳይጽፉ መቅረታቸው ብቻ ትንሽ ቅር አሰኛቸው። ከዚያ «አጠገብህ ላለው ሰው ‹ራዳሩ ታውሯል› በለው!» አሉ። አዳራሹ ሙሉ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ራዳሩ ታውሯል» ተባባለ። አንዲት እናት «ውይ ምስኪን! የማን ልጅ ነው?» አሉ።

ጣጣው ቁጥር 5 ላይ መጣ። «ፋርስ!» ብለው በደስታ ጀመሩ። ኢራንን በእንጨቱ ወጓት። ቀጥሎ ያለውን ቃል ሲያዩ ግን ጉሮሯቸውን ያዛቸው። ውኃ ጠጡ። ላባቸውን ጠረጉ። «ቁጥር 6!» አሉ። እኚያው እናት መጽሐፋቸውን ገልጠው ኖሮ፣ «የኔ ልጅ፣ አምስትን ሳትጨርሳት?» አሉ።

ቁጥር 5 ላይ ከፋርስ ቀጥሎ፣ ጋሻና ራስ ቁር ይዛ ከጎግ ጋር የተሰለፈችው ማን መሰለቻችሁ? ኢትዮጵያ! አዳራሹ ለአንድ ሰዓት ተኩል «አሜን» እያለ ሲደበድብ ያመሸው ራሱን ኖሯል።

ጄኔራል ግን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። «ይቺ ኢትዮጵያ መንፈሳዊት ናት» አሉ። እንግዲህ ሩሲያ ሩሲያ ናት፣ ኢራን ኢራን ናት፣ ፈረሱ ታንክ ነው፣ ደመናው ድሮን ነው፤ ኢትዮጵያ ብቻ ምሳሌ ሆነች። እንጨቱ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ከሥጋ ወደ መንፈስ ይለወጣል ማለት ነው። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። ሰውየው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ምዕራፍ 39 አለፉ። እዚያ የጠላት ጦር መሣሪያ ለ7 ዓመት ማገዶ ይሆናል ይላል። አንቀላፍቶ የነበረው ሁሉ ነቃ። በዚህ የከሰል ዋጋ የ7 ዓመት ማገዶ! የዚያን ምሽት ለኑሮ የሚጠቅም ነገር የተነገረው እሱ ብቻ ነው። ታንክ ምጣድ ሥር እንዴት እንደሚነድ ግን ማብራሪያ አልተሰጠም። ላይቩን ሼር ያደረገ ይባረካል ተብሎ መባ ወደ መሰብሰቡ ተገባ።

አንድ ወገን ብቻ የነካሁ የመሰለው ይታገሠኝ። ጠምጥሞ የሚተነትን አለ። ቆብ ደፍቶ «ተገልጦልኛል» የሚል አለ። በአንዱ አዳራሽ የከሸፈው ሚሳኤል ከሌላው ግቢ ድምፅ ማጉያ ግቡን መትቶ ይሰማል። ሁሉም ፈጣሪ ከነሱ ጋር ነው። ባጃጅ ይዛችሁ ከፒያሳ ወደ ታቦር ስታልፉ አንዲት ከተማ ሁለት ጊዜ ትወድማለች፣ ሁለት ጊዜ ትድናለች። ታሪፉ ያው ነው።

አድማጩስ ቢመሰገን? ጀበና ቡና ላይ የሚቀመጠው ወዳጃችን «የሃይማኖት መሪ በፖለቲካ አይግባ» የሚል ጽኑ አቋም አለው። አቋሙ የሚጸናው መሪው የሱን ቡድን ሲነካ ነው። መስከረም 2015 የሞስኮው ፓትርያርክ ኪሪል፣ በግዳጅ ላይ የሞተ ወታደር መሥዋዕትነቱ ኃጢአቱን ያጥብለታል ብለው ሰበኩ። የሩሲያ ደጋፊው «አባት ማለት እንዲህ ነው» አለ። የዩክሬኑ ደጋፊ «ቄስ ከቅዳሴው አይውጣ» አለ። በ2016 ፖፕ ፍራንሲስ ስለ ዩክሬን ተጠይቀው፣ ሕዝብን አስቦ ነጭ ባንዲራ አንስቶ መደራደርም ድፍረት ነው ሲሉ ሁለቱ ወንበር ተቀያየሩ። ንግግሩን እንኳን አዲስ አላዘጋጁም፣ ተዋዋሱት።

ኃጢአት ስለ ማጠብ ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። ሚያዝያ 2014 አዲስ አበባ፣ ሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ የተሰለፉትን ወጣቶች አስታውሱ። ወታደር ይቀጠራል የሚል ወሬ ሰምተው ነው። በመቶዎች ነበሩ። ኤምባሲው አልመለምልም አለ። ከነዚያ ልጆች ጎግ ማጎግን ሊወጋ የተሰለፈ አልነበረም። ሥራ አጥተው ነው። የሰው አገር ምሽግ ውስጥ መሞት እቤት ከመቀመጥ የተሻለ መስሎ የታየው ልጅ ፊት ቆማችሁ ጦርነትን ትቀድሱለታላችሁ? የምታጨበጭቡለት ሚሳኤል ካርታ ላይ አይደለም የሚወድቀው። ልጅ ላይ ነው። በቴህራንም፣ በቴል አቪቭም፣ በኪየቭም፣ በጋዛም የሚወድቀው ልጅ ላይ ነው። ለሞቱት አንዲት ደቂቃ ሳትጸልዩ መባ ሰብስባችሁ ትበተናላችሁ። አታፍሩም?

ወደ ምስጋናው ልመለስ።

በኛ ጄኔራሎች ሚዛን አቡነ ጴጥሮስ እንዴት ያሉ ደካማ ተንታኝ ነበሩ! ካርታ የላቸው፣ ፕሮጀክተር የላቸው። የጠላት መድፍ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚመታ አልነገሩንም። ፋሽስቶቹ አርበኞችን አውግዝ ሲሏቸው እምቢ አሉ። ይልቁንም ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። የሁለት አገር ጦርነት ነበር። ፖለቲካ ነበር። ገቡበት።

ዘመናዊው ሰው በዚያው ዓመት ጣልያን፣ ሚላኖ ነበሩ። ካርዲናል ሹስተር ጥቅምት 1928 በትልቁ ካቴድራላቸው ቆመው፣ ወረራውን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስ ዘመቻ አድርገው አወደሱት። ከሳቸው አንዲት ጠጉር አልተነካችም። መስቀሉ እኛ ዘንድ የደረሰው ከመርዝ ጋዝ ጋር ነው። ግንቦት 1929 ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመትረየስ ታጨዱ። የሰፈራችን ተንታኞች ሙያውን ከማን እንደወረሱ እናንተው ፍረዱ።

በባድመ ጦርነት ጊዜም የሁለቱ አገር የሃይማኖት አባቶች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተኩሱ ሳይቆም ኦስሎ ድረስ ሄደው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጦርነቱን አላስቆሙትም። ግንቦት 1992 እንደ አዲስ ፈነዳ። በሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙው ያንኑ ጾም የሚጾም፣ ያንኑ ሰላት የሚሰግድ ነበር። አባቶቹ ግን ማን ያሸንፋል ብለው አልተወራረዱም። ለጠላት ወገን አባት ሰላምታ ሰጡ። ለላይቭ የሚሆን ሥራ አይደለም እንጂ እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ፖለቲካ በየሳምንቱ ቢገቡበት ደስ ይለኛል።

ብዙ ከማዳመጤ የተነሳ አንድ ሕግ አውቄያለሁ። የመድረክ ድፍረት በኪሎ ሜትር ይጨምራል። ኪየቭ በአየር ወደ 5000 ኪሎ ሜትር ትርቀናለች፤ ስለሷ ሲሰበክ ቆርቆሮው ይነሳል። ቴህራን ከ3000 በላይ ናት፤ እሷም አትከፋም። አስመራ ግን 1000 አትሞላም። ስለ ቀይ ባሕር፣ ስለ አሰብ፣ ድንበር ላይ ይነሳል ስለሚባለው ጦርነት ሲሆን ማይክራፎኑ ድንገት ይበላሻል።

በቀደም ወንድሙ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን የሄደበት አንድ የሰፈር ልጅ፣ ከፕሮግራም በኋላ ጄኔራሉን ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው። «ጌታዬ፣ ስለ እኛና ስለ ኤርትራስ ምን ይላሉ? ልጆቻችንን አታጫርሱ ብለው ለሁለቱም መንግሥት ቢናገሩስ?»

ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ እኛ መንፈሳውያን ነን። በፖለቲካ አንገባም» አሉት። ከዚያ ማስታወቂያ ነገሩ። የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ስለ ታይዋን ነው። ወደ 9000 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች።