ለባለጸጋ የሚንሰፈሰፍ አንጀት

የወሎ ሰው እንግዳ ተቀባይነቱ፣ ያለውን ቆርሶ ማጉረሱ፣ በሃይማኖት ከማይመስለው ጎረቤቱ ጋር ሠርግና ለቅሶ መጋራቱ ብዙ ጊዜ ተመስግኗል። እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች በቅርቡ የደረስንበትን የርኅራኄ ማዕረግ ግን እስካሁን በወጉ ያወደሰልን ስላልተገኘ፣ ይህን ዕዳ ዛሬ እኔው ልወጣው ተነሥቻለሁ። ድሃ ለድሃ ቢያዝን ምን ይደንቃል፤ ችግሩን ስለሚያውቀው ነው። ሀብታም ለድሃ ቢያዝንም ጽድቅ ፈልጎ ነው ይባላል። ደመወዙ ወሩን አጋምሶ የማያሻግረው ሰው ሦስት ሕንጻ ላለው ባለጸጋ አንጀቱ ሲንሰፈሰፍ ማየት ግን እንደ ዋዛ የሚታለፍ ጸጋ አይደለም።

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ “እጅግ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ከሌላው ከፍ ያለ ግብር ቢጣልባቸው ምን ነውር አለበት?” ብሎ ጠየቀ። ከጎኔ የተቀመጠው መምህር ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ሻዩ ፈሰሰ። “ተው እንጂ ልጄ! ለፍተው ያገኙትን ገንዘብ ልንቀማቸው ነው እንዴ? ስንት ጭንቀት አለባቸው መሰለህ!” አለው። የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። ከሃያ ዓመት በላይ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ ሰው ስለ ልፋት ሲናገር ራሱን ፈጽሞ አለመቁጠሩ፣ ትሕትና ማለት ይህ ነው የሚያሰኝ ነበር።

የመምህሩን የደመወዝ ወረቀት አይቼዋለሁ፤ ወዳጄ ስለሆነ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል። ጠቅላላ ደመወዙ 15,000 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከዚህ ላይ 3,200 ብር ለግብር፣ 7 በመቶው ማለትም 1,050 ብር ለጡረታ ይነሣና እጁ የሚገባው 10,750 ብር ነው። ግብሩ የሚቆረጠው ገና ደመወዙን ሳይነካው በመሆኑ ስለ መክፈልና ስላለመክፈል የሚያመነታበት ደቂቃ እንኳን አልተሰጠውም። በአንጻሩ ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የደረጃ “ሀ” ግብር ከፋይ፣ ማለትም ትልቁ ነጋዴ ወይም ድርጅት፣ ሒሳቡን አሰናድቶ እስኪያቀርብ እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ ይጠበቃል። ትልቅ ሒሳብ ረጅም ዕረፍት ይፈልጋል፤ ይህን የማይረዳ ምቀኛ ብቻ ነው።

ይኸው ሕግ የሠራውን መሰላል ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለዓመታት 600 ብር የነበረውን ከግብር ነጻ የደመወዝ ጣሪያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉ በእውነቱ መልካም ነገር ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ መሰላሉ 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እያለ ይወጣና 14,000 ብር ላይ 35 በመቶውን ይዞ ቁጭ ይላል። በ2,000 እና በ14,000 ብር መካከል ድሃን ከድሃ፣ ደህና ድሃን ከመናጢ ድሃ በጥንቃቄ የሚለዩ አራት እርከኖች ተሠርተዋል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ሰማይ ግን ሁሉም አንድ ወለል ነው። መምህሩ ከመጨረሻዋ 1,000 ብሩ ላይ 350 ብር ሲቆረጥበት፣ በወር አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚያገኝ ሰውም ከመጨረሻዋ 1,000 ብሩ ላይ የሚቆረጥበት ያው 350 ብር ነው። የኋለኛው ንግዱን በፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ስም ያስመዘገበ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ከትርፉ የሚከፍለው 30 በመቶ ነው። ትርፉ ለባለቤቶቹ ሲከፋፈል የሚከተል ሌላ ግብር መኖሩን አልዘነጋሁም። ቢሆንም ትርፍ የሚባለው የመኪናው ነዳጅ፣ የቢሮው ኪራይና የጥበቃው ደመወዝ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ነው። መምህሩ በክረምት ጭቃ ያለቀ ጫማውን፣ የታክሲ ሒሳቡንና ከኪሱ የገዛውን እስክርቢቶ “ወጪዬ ነው” ብሎ ቢያቀርብ ምን እንደሚባል ጠይቄው ስቋል።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግረው ወዳጄ ዐዋቂዎች ሁሉ የሚሰጡትን መልስ ሰጠኝ። “ግብር ከበዛባቸው ይሸሻሉ!” አለኝ። እኔም በመስኮቱ አሻግሬ ትይዩ ያለውን ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ተመለከትሁ፤ ምድር ቤቱ ባንክ፣ ከላዩ ክሊኒክ፣ ከክሊኒኩ በላይ ኪራዩ በየዓመቱ የሚጨምር ቢሮ ነው። ይህ ሕንጻ ግብር ጨመረብኝ ብሎ አንድ ሌሊት መሠረቱን ነቅሎ፣ የመስታወት ግድግዳውን እንደ ነጠላ አጣፍቶ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየተንገዳገደ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ተከራዮቹም ዶሴያቸውን ታቅፈው ሲከተሉት ታየኝ። ኮምቦልቻ ደርሶስ የት ያርፋል? ቦርከና ዳር? ሕንጻውና ቦታው ከእነ ተከራዩ የትም እንደማይሄድ መምህሩ ያጣዋል ብዬ አላምንም፤ ባለጸጋው ተለይቶት የሚሄድበትን ቀን ማሰቡ ብቻውን ሆዱን ስላባባው ነው። ስደት የለመደውስ የእርሱ ተማሪ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ዐረብ አገር ሲሄድ “ሥራ ፈጣሪ እንዳይሸሽብን” ብሎ የለመነው ሰው አላየሁም።

አባቶቻችን “ግብር” የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት ነገር መስጠታቸው አርቆ አሳቢነታቸውን ያሳያል። ንጉሥ ሚካኤል በዚህችው ደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ “አይጠየፍ” ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም ሳይጠየፍ ማዕድ ላይ የሚያስቀምጥ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሹሙ ግብር ያበላ ነበር፣ ሕዝቡም ግብር ይበላ ነበር፤ እርግጥ የሚበላው በሬ ያው ከሕዝቡ የመጣ ነበር። ዛሬ ስሙን ከአዳራሹ ወስደን ለግብሩ ብንሰጠው ያምርበታል፤ የእኛ ግብር አይጠየፍም። ሳሙና የሚገዛውን ሊስትሮ ቢሆን በ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይቀበለዋል፤ በወር 4,500 ብር የሚያገኝ ጥበቃንም 400 ብር ተቀብሎ በክብር ያስቀምጠዋል። ሲጠየፍ የሚታየው ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ሲደርስ “ኧረ በቃኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ይላል።

ታሪክም ለዚህ ርኅራኄያችን ሥር ይሰጠዋል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1960 ዓ.ም. ከምርት አንድ አሥረኛ የሚከፈለውን አስራት የሻረው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ ሕጉን የሚመክሩበት የፓርላማ ወንበሮች በአብዛኛው የተያዙት በባለርስቶች ነበር፤ ረቂቁም በእነርሱ እጅ ሲያልፍ መለዘቡ አልቀረም። በዚያው ዘመን ባለርስቱ በራሱ ላይ የተጣለውን ግብር በጭሰኛው ጀርባ ማሻገሩም የተለመደ ነበር። ጭሰኛው ይህን ተሸክሞ “ጌታዬን አታስቸግሩብኝ” እያለ ከሄደ፣ የእኛ የዛሬው ደግነት ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው እንጂ የትናንት አለመሆኑ ነው።

ወደ ዋናው ደስታችን ልምጣ። በቅርቡ ለአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ገቢ ማሰባሰቢያ ተጠርተን ሄድን። አንድ ባለሀብት ተነሥተው 500,000 ብር ቃል ሲገቡ አዳራሹ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ፤ ጋቢ ተደረበላቸው፤ አንዲት እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኚያው እናት እንጀራ ሸጠው ካገኙት ላይ 100 ብር በእጃቸው ጨብጠው ወደ ሳጥኑ ሲሄዱ ግን የጭብጨባው ጊዜ አልፎ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውም የሚቀጥለውን ባለሀብት ይጠራ ነበር። እኔ በበኩሌ ከእልልታው መካከል ቁጭ ብዬ አንዲት ሒሳብ ሠራሁ። ወዳጄ መምህሩ በዓመት የሚቆረጥበት የደመወዝ ግብር 38,400 ብር ነው። በዚሁ ደመወዝ 13 ዓመት ቢያገለግል 499,200 ብር ያዋጣል፤ ከባለሀብቱ ቃል የሚያንሰው 800 ብር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጋቢ የደረበለት የለም፤ የትኛው ትምህርት ቤት ይሠራበት ብሎም የጠየቀው የለም። ባለሀብቱ ደግሞ የሚሠራውን ራሳቸው መርጠዋል፤ በጣሪያው ላይ ስማቸው ይጻፋል፤ ቃሉን መቼ እንደሚፈጽሙትም ራሳቸው ያውቃሉ። መምህሩ ከማንም ቀድሞ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ እጁ እስኪቀላ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ራሴን ያገለልሁ እንዳይመስል፣ የራሴንም ደግነት ልመስክር። ባለፈው ክረምት ለቤቴ ቆርቆሮ ለመግዛት ከአንድ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ገባሁ። ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “በቫት ይሁንልህ ያለ ቫት?” አለኝ። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የተገዛበት ላስቲክ አልተገፈፈለትም፤ አቧራው ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ክብ ማኅተም አትሞበታል። “ያለ ቫት” አልሁ። ነጋዴው “አንተ ቤተሰብ ስለሆንህ ነው” ብሎ 15 በመቶዋን ስለተወልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ፣ አጎንብሼም ጭምር አመስግኜ ወጣሁ። ለእኔ የተወልኝ አሥራ አምስቱን ሲሆን፣ ያ ሽያጭ የትም ስላልተመዘገበ ለራሱ የቀረለት የትርፍ ግብር ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ከቤተሰብ አይጠበቅም። ማታውኑ ግን ሰፈራችን በጎርፍ ሲታጠብ ስለ ተደፈነው ቦይ ለጎረቤቶቼ ረዘም ያለ ንግግር አድርጌያለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሱቁ ተሰብሮ መጋዘኑ የተራቆተበትን፣ ከዚያም ብድር ተበድሮ እንደገና የተነሣውን ነጋዴ እዚህ ላይ አላነሣሁትም፤ እርሱ የሚገባው እውነተኛ ሐዘን ነው። ይሁንና እጅግ ባለጸጋው ስለ ግብር በተናገረ ቁጥር ይህን ሰው ከፊት አስቀድሞ እንደሚናገር ታዝቤያለሁ። ጥላ መሆን ለካ ለድሃ ብቻ የተሰጠ ሥራ ኖሯል።

ስለ ጥላ ካነሣሁ አይቀር፣ ከሻይ ቤቱ ስንወጣ የጦሳ ደመና ወርዶ ዝናቡ ይወርድ ስለነበር ከዚያው ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ በረንዳ ሥር ተጠለልን። የሕንጻው ባለቤት መኪና መጥቶ ቆመ። ጥበቃው፣ ያ የ400 ብር ግብር ከፋይ፣ አንዲት ትልቅ ጃንጥላ ዘርግቶ ሮጠና በሩን ከፈተ፤ ጃንጥላውን በሙሉ በሰውየው ላይ አድርጎ ራሱ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ደረጃው ድረስ አደረሳቸው። ሲመለስ ካፖርቱ በውሃ ከብዶ፣ ከቆቡ ጫፍ ጠብታ እየተንጠባጠበ ነበር። ጃንጥላውን አራግፎ በጥንቃቄ አጥፎ ከግድግዳው አስጠጋውና ወደ እኛ ዞር ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

“አሳዘኑኝ እሳቸው” አለ። “ግብር ሊጨምሩባቸው ነው አሉ።”

መምህሩ ከንፈሩን መጠጠ።