ካይኔዝ አፍራሽ ብቻ አይደለም
ያነበብኩት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን «ካይኔዝ ማይክሮቲዩቡልን ያፈርሳል» የምትለዋ አረፍተ ነገር ትንሽ ከነከነችኝ። ማይክሮቲዩቡል በሴል ውስጥ ያለ ቀጭን የፕሮቲን ቱቦ ነው፤ ካይኔዝ ደግሞ ኢንዛይም። ካይኔዝ ራሱ አያፈርስም። ሥራው ከኤቲፒ (የሴል ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ፎስፌት ወስዶ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው። ውጤቱን የሚወስነው ማን ላይ እንደተለጠፈ ነው።

ታውን እንይ። ማይክሮቲዩቡሉን ደግፎ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ማርክ የሚባለው ካይኔዝ ፎስፌት ሲለጥፍበት መያዣው ይላላል፣ ይለቃል። ቱቦውም ለመፍረስ ይጋለጣል። ስታትሚን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል! እሱ ራሱ አፍራሽ ነው፤ የማይክሮቲዩቡሉን ጡቦች፣ የቲዩቡሊን ጥንዶችን፣ ሁለት ሁለት እያደረገ ያግታል። ፎስፌት ሲለጠፍበት እጁ ይታሰራል፤ ማይክሮቲዩቡሉም ያድጋል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ኦሮራ ቢ የሚባለው ካይኔዝ ነው። ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሙ በማይክሮቲዩቡሎች በተሳሳተ መንገድ ከተያዘ፣ ከሁለቱም ወገን የሚወጥረው አያገኝም። ያኔ ኦሮራ ቢ ክሮሞዞሙን ከማይክሮቲዩቡሉ ጋር የሚያያይዘው ኤንዲሲ80 ላይ ፎስፌት ይለጥፍና ያስለቅቀዋል፤ እንደገና ይሞከራል። ገመዱን ሳብ አድርጎ እንደመፈተሽ በሉት። በነገራችን ላይ፣ ፎስፌቱን የሚያነሱት ፎስፋቴዞች በጽሑፉ ስማቸው እንኳ አልተነሳም። እነሱ ባይኖሩ እኮ የተለጠፈው ሁሉ እንደተለጠፈ ይቀር ነበር።