ጡቡ ምን በደለ?

አሕመዳባድ ያለው የሕንድ ማኔጅመንት ተቋም ተመልሶ መጣ። በዲሴምበር 2020 (ዘመኑን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው) አሜሪካዊው አርክቴክት ሉዊ ካን በጡብ ከሠራለት 18 የተማሪ ማደሪያዎች 14ቱን አፍርሼ አዲስ ልሠራ ነው ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ከየአገሩ ጩኸት ሲበዛበት በ2021 የመጀመሪያ ቀን ትቼዋለሁ አለ። እኛም ደስ ብሎን ዝም አልን፤ ጥፋታችን እሱ ነው። በኖቬምበር 2022 ደግሞ የመሐንዲሶች ሪፖርት ይዞ፣ ማደሪያዎቹ ሰው የሚኖርባቸው አይደሉም፣ የመምህራኑ ሕንፃና የመማሪያ ክፍሎቹ ጭምር እንደገና መሠራት አለባቸው አለ።

ሪፖርቱን ለጊዜው ልተወውና ከሁሉ ያንገበገበኝን ልናገር። በመጀመሪያው ዙር የተቋሙ ዳይሬክተር ለቀድሞ ተማሪዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ ያለፉት ሰዎች አመለካከት ዛሬ በሕይወት ካሉት ይበልጣል ያለው ማነው የሚል ጥያቄ አንስተው ነበር። ማፍረሱን የሚደግፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ነው የሚያነሱት። እንደ ፍልስፍና ይሰማል። ግን ጠያቂው ማነው? ቤቱን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በእጁ ይዞ የኖረው አካል ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ቆሞ ያየ ሰው፣ ቤቱ ሲበሰብስ “የሙታን አመለካከት ለምን ያስረናል” ብሎ የመጠየቅ መብት የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ጡብ በእርጅና አይሞትም። ውኃ ነው የሚገድለው። ጣሪያ ላይ ያለው የውኃ መከላከያ ይሰነጠቃል፤ ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፤ እየሰረገ ወርዶ ውስጥ የተቀበረውን ፌሮ ያገኘዋል። ብረት ሲዝግ ያብጣል። ያበጠው ብረት ዙሪያውን ያለውን ኮንክሪትና ጡብ ከውስጥ እየፈነቀለ ይሰነጥቀዋል፤ አንድ ቀን ቁራጩ ይወድቃል። ተቋሙ “ከጣሪያ ቁራጭ እየወደቀ ለተማሪዎች ሕይወት አስጊ ሆኗል” ያለው እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። የልጄ አልጋ እዚያ ሥር ቢሆን እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን ቁራጩ የወደቀው አርክቴክቱ በ1962 ንድፉን ስለጀመረ ነው? ወይስ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ስንጥቁን የሚደፍን ሰው ስለጠፋ? ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮውን የሚያስጠግንና “ዘንድሮን ይለፍልኝ” የሚል ጎረቤታሞች በአንድ ዓመት ቢሠሩም ቤታቸው እኩል አያረጅም።

አይጠገንም የሚለውን ደግሞ ራሱ ተቋሙ ግቢ ውስጥ ያለ ሕንፃ ይመሰክርበታል። በቪክራም ሳራባይ ስም የተሰየመው የካን ቤተ መጻሕፍት በሕንዳዊቷ አርክቴክት ብሪንዳ ሶማያ ቢሮ ታድሶ በ2019 የዩኔስኮን የእስያና ፓሲፊክ የቅርስ እድሳት ሽልማት አግኝቷል። ያው ጡብ ነው፣ ያው ዝናብ። ተቋሙ ግን “ከእድሳቱ በኋላም ችግሩ አልቆመም” ብሏል። ካልቆመ የተሻለ ሠራተኛ ፈልጉ! አንድ ጥርስ በደንብ አልተሞላም ተብሎ መንጋጋ አይነቀልም።

ካን ሌላ ቦታ የሠራቸውም እንዲሁ ናቸው። ካሊፎርኒያ ላሆያ ላይ ያለው የሳልክ ተቋም ባሕር ዳር ነው፤ የቲክ እንጨት መስኮቶቹን ጨዋማው አየርና ሻጋታው ተጫውቶባቸው ነበር። 203 የመስኮት ግድግዳዎች አንድ በአንድ ተመርምረው፣ አብዛኛው የድሮ እንጨት ሳይጣል፣ በ2017 ሥራው አለቀ። የዬል የሥነ ጥበብ ሙዚየምም የመስታወት ግድግዳው ታድሶ እያገለገለ ነው።

እኔ የምኖርበት ፊላዴልፊያ ያለውን ደግሞ በዓይኔ የማየው ነው። ባልቲሞር አቬኑ ካሉት ሐበሻ ቤቶች ቡናዬን ጠጥቼ በእግሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስሄድ በሪቻርድስ ላቦራቶሪ በኩል አልፋለሁ። ይህ ካንን ዓለም ያወቀበት ሕንፃ ሲከፈት ሳይንቲስቶቹ አምርረው ጠልተውታል፤ ፀሐይ ዓይናቸውን እየወጋ መስኮቱ ላይ ወረቀትና ፎይል ይለጥፉ ነበር። ከአሕመዳባድ ማደሪያዎች ይልቅ ለመፍረስ በቂ ምክንያት የነበረው እሱ ነው። አልፈረሰም። በ2009 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ፤ ኬሚካል ከሚፈስበት ላቦራቶሪ ይልቅ ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ብለው ለሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዲሆን ታደሰ። የቤቱን ጥቅም ቀየሩ እንጂ ቤቱን አልጣሉም። ሕያዋኑ ምን ተበደሉ?

ርዕደ መሬቱን ደግሞ እንደ ትልቅ ማስረጃ ያነሱታል። በጃንዋሪ 2001 አሕመዳባድ ያለችበት የጉጅራት ግዛት ስትናወጥ የካን ሕንፃዎች ተሰነጣጥቀዋል፤ እውነት ነው። ግን በዚያው ቀን በዚያው ከተማ የተደረመሱትን ለምን አይጠሩም? አሕመዳባድ ውስጥ ብዙ አዳዲስ የአርማታ ፎቆች ነዋሪዎቻቸውን ይዘው ወርደዋል። የካን ጡብ ቆሞ አድሯል። ርዕደ መሬትን ምክንያት አድርጎ የቆመውን አፍርሶ፣ የወደቀውን ዓይነት ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ያስረዳኝ።

ከሁሉ የከፋው ማባበያ ግን “የአንዳንዶቹ የውጭ ገጽታ እንደነበረ ይቀራል” የሚለው ነው። ይህን ያለ ሰው የገዛ ግቢውን አያውቀውም። የማደሪያዎቹን ፎቶግራፍ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ልስን የለም፣ ቀለም የለም። ሰፊ ክፍት ቦታ ባለበት ሁሉ ከላይ ጎበጥ ያለ የጡብ ቅስት አለ፤ ከቅስቱ ሥር አግድም የገባች ቀጭን የኮንክሪት ማሰሪያ አለች። ቅስት ክብደት ሲጫነው እግሮቹን ወደ ጎን መዘርጋት ይፈልጋል፤ ማሰሪያዋ ሁለቱን እግሮች ጠፍራ ትይዛለች። ግድግዳው ላይ የምታዩት ነገር ሁሉ ሸክም ላይ ነው፤ ለጌጥ የተቀመጠ የለም። ካን ተማሪዎቹን ሲያስተምር “ጡብን ምን ትፈልጋለህ ብለው ቅስት እወዳለሁ አለኝ” ይል የነበረው ለቀልድ አልነበረም። ውስጡን በአርማታ ዓምድ ሞልቶ ላዩ ላይ ጡብ መለጠፍ ለዚህ ሕንፃ ከመፍረስ የባሰ ነው። የፈረሰ ቤት ቢያንስ አይዋሽም።

አሁን ወደዚያ “ያለፈ ዘመን ሰው” ልመለስ፤ የማን አመለካከት እንደተናቀ ይታወቅ። ሲወለድ ስሙ ሉዊ ካን አልነበረም። በ1901 ዛሬ ኢስቶኒያ በምትባለው፣ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር በነበረችው ምድር ከድሃ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ኢትዘ ላይብ ሽሙይሎቭስኪ ነበር የሚባለው። በሦስት ዓመቱ ግድም የፍም ብርሃን ማርኮት ወደ ልብሱ ሲያስጠጋው እሳት ተያያዘና ፊቱና እጁ ተቃጠለ፤ ጠባሳው እስከ መቃብር ተከተለው። በ1906 ቤተሰቡ አሜሪካ ገባ፤ በፊላዴልፊያ የድሆች ሰፈሮች ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት አደገ። ስሙን አባቱ ለወጡት። እሱ ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ፒያኖ እየመታ ተማረ፣ በ1924 ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የ30ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ መጥቶ ሥራ አሳጣው። ዓለም ሊያውቀው ሲጀምር ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር።

እዚህ አገር የስደት ኑሮ የሚኖር ሐበሻ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ስም መቀየር፣ ቤት መቀያየር፣ ዘግይቶ መጀመር፤ የራሳችን ነው።

ለገዛ ሕዝቡ የነደፋቸው ሁለቱ ትልልቅ ምኵራቦች፣ የፊላዴልፊያው ሚክቬ እስራኤልና የኢየሩሳሌሙ ሑርቫ፣ ወረቀት ላይ ቀሩ። ትልቁን ሥራውን ያሠሩት ሌሎች ናቸው። ዳካ ላይ አይሁዱ አርክቴክት ለሙስሊም አገር ፓርላማ ሲነድፍ መግቢያው ላይ መስጊድ አስቀመጠ፤ መስጊዱንም ከሕንፃው መስመር ትንሽ ጠመም አድርጎ ወደ መካ አዞረው። ፓርላማው ሲታዘዝ አገሩ ምሥራቅ ፓኪስታን ነበር፤ በ1982 ሲያልቅ ባንግላዴሽ ሆኗል። አሕመዳባድንም ያሠሩት ሕንዶች ናቸው፤ የጋበዘው ሕንዳዊው አርክቴክት ባልክሪሽና ዶሺ ነው፣ አብሮትም ሠርቷል። ጡቡ የአገሩ ነው፣ ግንበኞቹም የአገሩ ናቸው። ስለዚህ “ፈረንጅ የጫነብን ሐውልት” የሚል ሰው ካለ እሱም አፉን ይያዝ።

በማርች 1974 ካን በ73 ዓመቱ ከዚያው ከአሕመዳባድ ሲመለስ ኒውዮርክ ፔንሲልቫኒያ ባቡር ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ልቡ ቆመ። ፓስፖርቱ ላይ አድራሻው ተሰርዞ ስለነበር ሬሳው ለቀናት ፈላጊ አጥቶ ቆየ። ቢሮው በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው በዚያ ዕድሜው፣ ለዚያ ክፍያ፣ ግማሽ ዓለምን አቋርጦ ለተማሪ ማደሪያ አይመላለስም።

ለተማሪዎቹ ደህንነት ነው የምንጨነቀው ካሉ፣ የመጨነቃቸውን ልክ የምናይበት ቀላል መንገድ አለ። የአሕመዳባድ ዝናብ እንደኛው ክረምት በሰኔ ይገባል፣ በመስከረም ይወጣል። አንድ ማደሪያ ይምረጡ። ተማሪዎቹን ያውጡ፤ የዛገውን ፌሮ ከፍተው ያጽዱ፣ ይቀይሩ፤ ጣሪያውን ዝናቡ ሳይመጣ ይድፈኑ፤ ከደገፏቸውም ከተቃወሟቸውም ወገን መሐንዲሶች ጠርተው አንድ ክረምት ያሳልፉበት። አሥራ ሦስቱ እስከዚያው የትም አይሄዱም።