ማስተካከያ፦ የድሮ ፓተርን ቁጥርና የዛሬው ቁጥር አንድ አይደሉም

ባለፈው ሳምንት በድሮ የአሜሪካ ፓተርን (ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ናሙና) ቀሚስ ስለመስፋት ስጽፍ፣ «12 ቁጥር የምትለብስ 12 ቁጥሩን ትቁረጥ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ የታተመ 12 ቁጥር የተሠራው ለ30 ኢንች ደረት ነው፤ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በ1970ዎቹ ግን ያው 12 ቁጥር 34 ኢንች ሆኗል። ቁጥሩ አንድ፣ ልብሱ ሌላ። ከዛሬ የሱቅ ቁጥር ጋርማ ጭራሽ አይገናኝም። ስለዚህ ቁጥሩን ተዉት። ደረታችሁን፣ ወገባችሁንና ዳሌያችሁን በሜትር ለኩና ፓተርኑ በሚመጣበት ፖስታ ላይ ካለው ልኬት ጋር አስተያዩት።

ምክሬን ሰምታ የቆረጠች አንዲት የደሴ እህት ደረቱ አልዘጋ ብሏት ጨርቁ ተበላሸባት። ፒያሳ ዞራ፣ መርጣ የገዛችው ጨርቅ ነበር፤ በጣም አዝኛለሁ። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞክሩ ማለት ነበረብኝ። ርካሽ ነው፣ ቢበላሽም ያን ያህል አያስቆጭም።

ሌላም አለ። ለስፌት የሚተወው ትርፍ ሁልጊዜ ፓተርኑ ውስጥ አለ ማለቴ ልክ አልነበረም። በአሜሪካኖቹ ላይ ብዙውን ጊዜ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተካቷል። በጀርመኑ የስፌት መጽሔት በቡርዳ ፓተርኖች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሳችሁ ናችሁ የምትጨምሩት።