ቀጣዩ ጓደኛዬ ያብራራዋል

የዛሬው የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጋቢዬን ደርቤ የኋላ ወንበር ላይ ኩርምት ብያለሁ። የተማሪዎቼ የፕሬዘንቴሽን ቀን ነው። ርዕሱ ባይነሪ ሰርች፤ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ የፈለጉትን የማግኛ ዘዴ ነው። አምስት ልጆች ተደርድረው ቆሙ። የመጀመሪያው ጀርባውን ሰጥቶን ስላይዱን ማንበብ ጀመረ፤ "አልጎሪዝም ማለት አንድን ችግር ደረጃ በደረጃ የመፍቻ መንገድ..."

ከነሱ በፊት የወጡት ሦስት ቡድኖችም ይህንኑ ነግረውናል። ቃሉ ከአልኸዋሪዝሚ ስም እንደመጣ ለአራተኛ ጊዜ ሰማን። የባግዳዱ ሊቅ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ይሄን ቢያውቅ ኖሮ ስሙን ይቀይር ነበር።

"ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረስ?" አልኩ።

"እሱን ቀጣዩ ጓደኛዬ ያብራራዋል፣ ቲቸር።"

ቀጣዩ ጓደኛ መጣ። "ከኔ በፊት የነበረው ጓደኛዬ እንዳብራራው..."

በቃ፣ በሁለቱ መሃል ነገሩ ጠፋ። ባይነሪ ሰርች ግማሽ ግማሹን እየጣለ፣ ከተደረደሩ 1,000 ስሞች መሃል የፈለጉትን ቢበዛ በ10 ሙከራ ያገኛል። ያንን ማብራሪያ ግን የትኛውም ሰርች አያገኘውም።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ አበው። ይሄን ተረት ስወደው! የቡድን ሥራ ስሰጥ ሁሌ እሱን ነው የምጠቅሰው። ለካ ሎሚው መጀመሪያ መታደል አለበት። እኛ ክፍል አንዷ ልጅ ሃምሳውንም ተሸክማ ትመጣለች፤ አራቱ ያሸታሉ።

እኔም ተሸክሜያለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለቡድናችን የሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ የዳይክስትራ የአጭር መንገድ ፍለጋ አልጎሪዝም ደረሰን። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ካፌ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ፣ ያለ ወረቀት ያለ እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ነው ያሰበው። እኔ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ለምሳሌ ብዬ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ያለውን መንገድ ወሰድኩ። ጣርማ በርን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ይዘህ መውረድ ነው። አማራጭ የሌለው መንገድ ለአልጎሪዝም እንደማይሆን የገባኝ በሁለተኛው ሌሊት ነው።

በነዚያ ሌሊቶች አንዱ የቡድን ጓደኛዬ ተኝቷል። በምን? በእኔ ብርድ ልብስ! "ለዛሬ ብቻ" ብሎ የወሰደው ነው። በፕሬዘንቴሽኑ ቀን ድርሻው "ስላዳመጣችሁን እናመሰግናለን" የምትለዋ ስላይድ ነበረች። እሱ ኤ፣ እኔ ቢ። አቀራረቡ ደስ ይላል ተባለ። ብርድ ልብሴን እስከ ዛሬ አልመለሰም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ያውም ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ! ይሄ ስርቆት ብቻ አይደለም፣ የግድያ ሙከራ ነው።

"ጥያቄ ያለው?" የሚል ድምፅ አባነነኝ። ለካ ጨርሰዋል። እጁን ያወጣ የለም። ነገ እሱም ሊወጣ፣ ማን ጠላት ይገዛል? ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ቢያንስ እጄ ይሞቃል። ልጅቷ ፍላሿን ነቅላ ኪሷ ከተተች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ተራዋ ሳይደርስ ሰዓቱ አልቋል።

የውጤት ቅጹ ላይ ለአንድ ቡድን ያለው አንድ ክፍት ቦታ ነው። 7 ብዬ ሞላሁ። ለአምስቱም።