ጎረቤት መንግሥት ራሱ ዕፅ ነጋዴ ሲሆን ድንበር ይዘጋ?

ሁለቱም ተከራካሪዎች ጎንደሬዎች ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሌላው የመተማን መንገድ ለዓመታት በአይሱዙ የተመላለሰ ሹፌር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የጎረቤት ሀገር መንግሥት በአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ውስጥ ከገባ ድንበር መዝጋት ይበጃል? መምህሩ ይዘጋ ይላሉ፣ ሹፌሩ አይዘጋ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦

ከሶርያ ልጀምር። ካፕታጎን በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ እንደ መድኃኒት የወጣ፣ እንቅልፍ የሚያባርር ክኒን ነበር። በኋላ ታገደ፣ በድብቅ መሸጡ ግን ቀጠለ። ሶርያ ጦርነት ውስጥ ገብታ ማዕቀብ ሲጠብቅባት ንግዱ የመንግሥት ሰዎች እጅ ገባ። ስሙ አብዝቶ የሚነሳው የፕሬዚዳንቱ የበሽር አል-አሳድ ወንድም ማሄር አል-አሳድ ያዝዘው የነበረው አራተኛ ክፍለ ጦር ነው። አገዛዙ በ2024 መጨረሻ ሲወድቅ ደማስቆ አጠገብ ዱማ ላይ አንድ የድሮ የድንች ቺፕስ ፋብሪካ ተፈተሸ። ክኒኑ ምን ውስጥ ተደብቆ ቢገኝ ጥሩ ነው? ስታቢላይዘር ውስጥ! እኔ ፍሪጄ እንዳይቃጠል የገዛሁት ዓይነት ዕቃ።

ዮርዳኖስ መደራደሩን ሞክራዋለች። በ2023 ግንቦት የአረብ ሀገሮች ሚኒስትሮች አማን ላይ ተሰብስበው ሶርያ ኮንትሮባንዱን ለመግታት እተባበራለሁ አለች። በዚያው ወር የአረብ ሊግ መልሶ ተቀበላት። ክኒኑ ግን አልቆመም። ዓመቱ ሳያልቅ የዮርዳኖስ ጦር ድንበሩ ላይ ከታጠቁ አሻጋሪዎች ጋር ይታኮስ ነበር። ሌባው ራሱ ዘበኛ ከሆነ ስለ ስርቆት ከማን ጋር ነው የምትወያየው?

ሹፌሩ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከኬላ ልጀምር፣ የማውቀው እሱን ነው። ሰሊጥ ጭነን እንመጣለን። ፈታሹ የብረት ዘንግ ይዞ ይወጣና ጆንያውን ይወጋዋል። ሰሊጡ በቀዳዳው ይፈሳል። ረዳቴ ከሥር እጁን ደቅኖ «ኧረ ጋሼ፣ ይበቃል» ይላል። ኮንትሮባንድ ተያዘ በተባለ ማግስትማ ወረፋው ሁለት ቀን ይፈጃል። ኮንትሮባንዲስቱን ግን እዚያ ወረፋ ላይ አይቼው አላውቅም። እሱ በጫካ ነው የሚሄደው።

በ2021 ሳዑዲ ከሊባኖስ በመጣ ሮማን ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ የካፕታጎን ክኒን አገኘች። ወዲያው የሊባኖስን አትክልትና ፍራፍሬ በሙሉ ከለከለች። ሰላጣና ወይን ያመረተው ገበሬ ምን አጠፋ? በ2022 ጥር ደግሞ የዮርዳኖስ ጦር በአንድ ቀን 27 አሻጋሪ ገደለ። ከ27ቱ ውስጥ የፋብሪካው ባለቤት ነበረበት? የሚሞተው ተሸካሚው ነው።

ሌላው ጫት ነው። ሳዑዲ ውስጥ ሕገወጥ ዕፅ ነው። እንግሊዝም በ2014 ከልክላዋለች። የኛ መንግሥት ግን ቀረጥ ይሰበስብበታል፣ ዶላር ያገኝበታል። ጅግጅጋን አልፎ በቶጎ ውጫሌ ወደ ሶማሌላንድ ይሻገራል። ነገ አንዱ ጎረቤት «የኢትዮጵያ መንግሥት ዕፅ ነጋዴ ነው» ብሎ በሩን ቢዘጋ ደግ አደረገ ሊሉት ነው?

መምህሩ፦

ዘጠነኛ ክፍል እያለህ እንዲህ ብትጠይቅ ኖሮ ያንን 48 አልሰጥህም ነበር። ጫት ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የሚሻገረው። ደረሰኝ አለው። ተቀባዩም ቀረጥ ይቆርጥበታል። ስታቢላይዘር ውስጥ ከተጠቀጠቀ ክኒን ጋር እንዴት ታወዳድረዋለህ?

ካነሳኸው አይቀር ሶማሊያን ተመልከት። በ2020 ጫት ከኬንያ እንዳይገባ ከለከለች። ሰበቡ ኮሮና ነበር። ግን የሁለቱ ሀገሮች ግንኙነትም በዚያው ዓመት ተበጠሰ፣ ክልከላውም እስከ 2022 ቆየ። ኬንያ ውስጥ ጫት የሚያመርተው የሜሩ ገበሬ ጮኸ፣ ናይሮቢ ተጨነቀች። በመጨረሻ ተነጋግረው ተከፈተ። እንደዚያ ያነጋገራቸው የተዘጋው በር ነው።

ሹፌሩ፦

ጋሼ፣ አሁን ለኔ ተከራከሩልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቃዲሾ ውስጥ ጫት ጠፋ? ዋጋው ተሰቀለ እንጂ አልጠፋም። አሳድ ከሄደ በኋላም ዮርዳኖስ ድንበር ላይ ክኒን መያዝ አላቆመም። ባለፋብሪካው ሸሸ፣ መንገዱን የሚያውቁት ልጆች ግን እዚያው አሉ። እኔ ዝም ይባል አላልኩም። በሩ ይከፈት፣ ፍተሻው ይጥበቅ፣ ጄኔራሉ ገንዘቡን ያስቀመጠበት ባንክ ይታገድ።

መምህሩ፦

ፍተሻው ይጥበቅ ስትል በማን እጅ? አራተኛ ክፍለ ጦር እኮ ኬላ ላይ ነበር የሚቆመው! የሶርያ ነጋዴ ለማለፍ ለእነሱ ይከፍል ነበር። የምታጠብቀው ፍተሻ የሌባውን ኪስ ነው የሚሞላው። ይህን አንተ ታጣዋለህ ብዬ አላምንም።

ሹፌሩ፦

አላጣሁትም። እኔም ከፍያለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። ግን መቼ እንደከፈልኩ ልንገርዎት። የድንበሩ ድልድይ በተዘጋ ሳምንት ነው። ድንች ጭኜ ቆሜ፣ አራተኛው ቀን ላይ ከሸራው ሥር መሽተት ጀመረ። አንድ ሰው መጥቶ «በሌላ በኩል መንገድ አለ» አለኝ። ድልድዩ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።